ወረቀት የሌላት አይጥ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

«በአገራችን አዲስ ዝርያ ተገኘ» የሚል ዜና በወጣ ቁጥር ፎቶው ላይ እንስሳው ይታያል፤ እግሩ ላይ የታሰረችው፣ የተያዘበት ቦታና ቀን የተጻፈባት ቁራጭ ወረቀት ግን ተቆርጣ ትቀራለች። በመስክ ለሚሠራ ሰው ግማሹ ሥራ ያለው እዚያች ወረቀት ላይ ነው። የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ከየጫካውና ከየተራራው ለፍተው የሚያመጡት ናሙና ወረቀቱ ስለማይነበብ ወይም ሙዚየም ስለማይገባ ከንቱ ሲቀር ማየት የተለመደ ስለሆነ፣ ይህን ደብዳቤ እንድታወጡልን እንጠይቃለን።

ነገሩ የቢሮክራሲ ጣጣ እንዳይመስል ሁለት ምሳሌ እንጥቀስ። በ1990 እ.ኤ.አ. በነጭ ሳር ሜዳ መንገድ ላይ ተጨፍልቃ ከተገኘች፣ ናይትጃር ከተባለው ወገን ከሆነች ወፍ የተረፈው አንድ ክንፍ ብቻ ነበር። ክንፉ ከነቦታውና ከነቀኑ ተመዝግቦ ስለተቀመጠ በ1995 እ.ኤ.አ. አዲስ ዝርያ ተብሎ ተሰየመ። በላቲን የተሰጠው ስም «ሶላላ» ትርጉሙም «አንድ ክንፍ ብቻ» ነው። ሁለተኛዋ በ1927 እ.ኤ.አ. ከግልገል አባይ ምንጭ አካባቢ ተይዛ ዛሬ ቺካጎ ሙዚየም ውስጥ ያለችው ውኃ ወዳድ አይጥ ናት። ከእርሷ ሌላ ናሙና የለም። በ2020 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ዘረ መሏን አንብቦ ዘመዶቿ በመካከለኛው አፍሪካ ወንዞች ዳር የሚኖሩት መሆናቸውን አሳየ። እግሯ ላይ ያለው ጽሑፍ ባይኖር ኖሮ አንዲት ግራጫ አይጥ ብቻ ነበረች።

አሁን ወደ እኛ ጣጣ እንምጣ። «12/3/2008» ተብሎ የተጻፈ ወረቀት አስቡ። ጸሐፊው ኅዳር 12 ቀን 2008 ዓ.ም. ማለቱ ነበር፤ በፈረንጅ ኖቬምበር 22 ቀን 2015። አውሮፓዊው ማርች 12 ቀን 2008፣ አሜሪካዊው ዲሴምበር 3 ቀን 2008 ብሎ ያነበዋል። የሰባት ዓመት ስህተት ብቻ አይደለም፤ የመኸር አዝመራ የሚታጨድበት ጊዜ ከበልግ ጋር ይምታታል፤ አይጥ ደግሞ የምትራባው ዝናብን ተከትላ ነው። ሰዓቱም ያው ነው። «1:00» የእኛ ጠዋት አንድ ሰዓት መሆኑን የማያውቅ ሰው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ይመስለውና የቀን እንስሳዋን የሌሊት ያደርጋታል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፦ ወሩን በፊደል መጻፍ፣ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ማለት፣ ሰዓቱን ደግሞ ጠዋት፣ ማታ ወይም ሌሊት ብሎ መለየት።

የቦታም ነገር አለ። «ወንዝ ዳር፣ ቀበሌ 03» የሚል ጽሑፍ ወረዳው ሲከፈልና ቀበሌው ቁጥሩን ሲቀይር ትርጉም ያጣል። ጂፒኤስ ተይዞም ቢሆን የመነሻ ልኬቱ፣ ማለትም የቦታው አሃዝ የተሰላበት ሥርዓት፣ ካልተጻፈ ችግር ነው። የቆዩት የአገራችን 1:50,000 ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በሚባለው ልኬት ሲሆን ስልካችን ደብሊው ጂ ኤስ 84ን ይጠቀማል፤ ልዩነቱ መሬት ላይ ከ100 ሜትር ይበልጣል። ገደላማ ቦታ ላይ 100 ሜትር ማለት ከጫካ ወጥቶ ማሳ ውስጥ መግባት ነው።

ወጥመድን በተመለከተ፣ ብዙ የመመረቂያ ጥናቶች 49 የሸርማን ወጥመድ (አይጥን በሕይወት የሚይዝ የቆርቆሮ ሳጥን) በ7 ረድፍና በ7 መስመር፣ በ10 ሜትር ርቀት ዘርግተው ለ3 ሌሊት ይተዋሉ፤ የወጥመዱ ቁጥር በሌሊቶቹ ሲባዛ 147 «የወጥመድ ሌሊት» ይሆናል። የለውዝ ቅቤና ዱቄት ተለውሶ ይገባበታል። ዘዴው በቆላና በወይና ደጋ ጥሩ ነው። ከ4,000 ሜትር በላይ ባለው የባሌው ሳነቲ አምባ ላይ ግን ቀይ ቀበሮ የሚመገባቸው ዋና ዋና አይጦች በቀን የሚንቀሳቀሱ ናቸው፤ ማታ ዘርግቶ ማለዳ ባዶ ወጥመድ ያገኘ ተማሪ «አይጥ የለም» ብሎ ይጽፋል። እዚያ ወጥመዱ ቀን ይከፈትና በየሁለት ሰዓቱ ይታያል፤ ቆርቆሮው በፀሐይ ሲግል እንስሳው ስለሚሞት ሣር ይሸፈንበታል። በውርጭ ሌሊት ደግሞ ደረቅ ሣር ወይም ጥጥ ከውስጥ ካልገባለት ጠዋት የሚገኘው በድን ነው። ግዙፉ ፍልፈል በዚህ ሳጥን አይገባም፤ ጉድጓዱ አፍ ላይ በሚጠመድ ማነቂያ ካልሆነ አይያዝም። ተዘግቶ ባዶ የተገኘ ወጥመድ ከወጥመድ ሌሊቱ ድምር ላይ እንደ ግማሽ ሌሊት ይቀነስ፤ ይህን የሚያደርግ ጥናት ጥቂት ነው።

የተያዘው እንስሳ ልኬት ጠቅላላ ርዝመት፣ ጅራት፣ የኋላ እግር፣ ጆሮ በሚሊ ሜትር፣ ከዚያ ክብደት በግራም ነው። የኋላ እግር ከነጥፍሩ ይሁን ያለ ጥፍሩ ይጻፍ፤ አሜሪካኖቹና አውሮፓውያኑ በዚህ አይስማሙም። የተቆረጠ ጅራትም «የተቆረጠ» ይባል፤ አለዚያ አማካዩን ያበላሻል።

አካሉ መድኃኒት ውስጥ ከመነከሩ በፊት ለዘረ መል ምርመራ ከጉበት ወይም ከጡንቻ ከባቄላ ፍሬ ያነሰ ቁራጭ ይወሰዳል፤ ፎርማሊን (ሥጋ እንዳይበሰብስ የሚያደርገው ኬሚካል) ከነካው በኋላ ዘረ መሉን ማንበብ እጅግ አዳጋች ነው። ቁራጩ የሚገባው 95 በመቶ በሆነ ኤታኖል (አልኮል) ነው፤ ፈሳሹ ከሥጋው ቢያንስ አምስት እጥፍ ይሁን፤ በማግስቱም ይቀየር፣ ከሥጋው የወጣው ውኃ ያቀጥነዋልና። ገጠር ከተማ መድኃኒት ቤት የሚሸጠው 70 በመቶ አልኮል ለቁስል እንጂ ለዚህ አይሆንም። (አረቄማ አይነሳ፤ እሱ ለሌላ ጉዳይ ነው።) ሙሉ አካሉ ሆዱ ተሰንጥቆ፣ አንድ እጅ ፎርማሊን በዘጠኝ እጅ ውኃ ተበርዞ ለሳምንት ያህል ይነከራል፤ ታጥቦ ወደ 70 በመቶ አልኮል ይዛወራል። ያ የመድኃኒት ቤት አልኮል የሚያገለግለው እዚህ ላይ ነው።

ወረቀቱ ወፍራም የጥጥ ወረቀት፣ ጽሑፉ በእርሳስ ይሁን። እስክሪብቶ አልኮል ውስጥ ሟሙቶ ሰማያዊ ውኃ ብቻ ይተዋል፤ የጠርሙሱ ክዳን ላይ በማርከር የተጻፈውም ክዳኑ ባንጠባጠበ ቀን ይጠፋል። አንድ ቁጥር በእግሩ ላይ፣ በሥጋው ብልቃጥ ውስጥ፣ በራስ ቅሉና በመስክ ደብተሩ ላይ ይደገማል። ወጥመዱን የጠበቀው የአካባቢው ሰው፣ ጉድጓዱን ያሳየው ስካውት (የፓርክ ጠባቂ) ስምም ፈቃዱ ተጠይቆ እዚያው ደብተር ይግባ። እነርሱ እንስሳውን በየቋንቋቸው የሚጠሩበት ስም ብዙ ጊዜ ሁለት ዝርያ መኖሩን ከላቲኑ ቀድሞ ይነግራል።

የምንጠይቀው አንድ ነገር ነው። የትምህርት ክፍሎች ተማሪው ለዲፌንስ (ጥናቱን በፈታኞች ፊት ለመከላከል) ከመቅረቡ በፊት ናሙናውን አራት ኪሎ ላለው የእንስሳት ሙዚየም፣ ዕፅ ከሆነ ለብሔራዊ ሄርባሪየም (የደረቁ ዕፆች ማኅደር) ማስረከቡን የሚያሳይ ደረሰኝ ይጠይቁ፤ የተሰጠው የመዝገብ ቁጥርም በጽሑፉ አባሪ ይታተም። ለጠርሙስ፣ ለኤታኖልና ለቁም ሳጥን የሚሆን ወጪም ከመነሻው በጥናቱ በጀት ላይ ይያዝ፤ ቦታ የለንም የሚሉትን የሙዚየም ሠራተኞች ባዶ እጅ ይዞ መጨቅጨቅ ተገቢ አይደለም።

ከአክብሮት ጋር
የመስክ ሥራ የሚያሳስባቸው አንባቢዎቻችሁ፣ አዲስ አበባ