ድመቷ ማታ ከእህሉ ጋር ትደር

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ጤና ይስጥልኝ። ጋዜጣችሁ እጄ የሚገባው አንድ ሳምንት ዘግይቶ ነው። ደብረ ብርሃን የሚሠራው የወንድሜ ልጅ አንብቦ ሲጨርስ በገበያ ቀን መኪና ይልክልኛል። ስለ በሬ፣ ስለ በግ፣ ስለ ዶሮ በሽታ የምታወጡትን አንዱንም አላልፍም። ለጎረቤቶቼም አነብላቸዋለሁ። ስለ ድመት ግን አንድ ቀን እንኳ አንብቤ አላውቅም። እኔ በአምስት ዓመት ውስጥ ሁለት ድመቶቼን አውሬ በልቶብኛል። በቀዬአችን ድመቱን አውሬ ያልወሰደበትን ቤት መቁጠር ይቀላል። ስለዚህ ራሴ ልጽፈው ተነሣሁ።

34 ዓመት አንደኛ ደረጃ አስተምሬ ጡረታ ስወጣ የገባሁት እናቴ ቤት ነው። ቤቱ መንዝ ነው፤ ከመሐል ሜዳ አንድ ሰዓት ተኩል በእግር ያስኬዳል። ግድግዳው ድንጋይ፣ ክዳኑ የጓሳ ሣር። እናቴ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ ቤቱን፣ ሦስት ጎታ ገብስና ባቄላ፣ ጥቂት በግና አንዲት ግራጫ ድመት ትታልኝ አረፈች። ድመቷን ውሮ ነበር የምትላት። የሰፈሩ ድመት ሁሉ ውሮ ነው። እናቴ ስትጠራ ግን የምትመጣው የራሷ ብቻ ነበረች።

እናቴ ማታ 12 ሰዓት ሲሆን፣ በጎቹ በረት ሳይገቡ፣ ደጃፉ ላይ ቆማ «ውሮ፣ ውሮ» ትል ነበር። ድመቷ ከካቡ ላይ ዘላ ትወርዳለች። በገል ትንሽ አጓት ይቀመጥላታል። ከዚያ ጎታዎቹ ካሉበት ጓዳ ትገባና ይዘጋባታል። ልጅ ሆኜ ይህን ስንቴ እንዳየሁት! ለምን እንደምታደርገው ግን አንድም ቀን አልጠየቅኋትም። ቤቱን ስረከብ የከተማ ልማዴን ይዤ መጣሁ። ድመት የሌሊት እንስሳ ናት፣ እንደፈለገች ትውጣ ትግባ ብዬ የጓዳውን ቀዳዳ ክፍት ተውኩት።

ውሮ የጠፋችው በሁዳዴ ነው። የበልግ ዝናብ ጥሎ ነበር። ጠዋት ስነሣ አጓቱ እንደተቀመጠ ነው። ስጠራት ዋልኩ። ካቡ ሥር ጭቃው ላይ ዱካ አየሁ። የጎረቤቴን በጎች የሚጠብቀው ልጅ ቁጢጥ ብሎ ተመለከተውና «እትዬ፣ ጥፍሩን ያዩታል?» አለኝ። እውነትም ከአራቱ ጣቶች ፊት አራት ትናንሽ ነጥቦች አሉ። ነብርና አነር ሲራመዱ ጥፍራቸውን ስለሚሰበስቡ ዱካቸው ላይ አይታይም። የጅብ፣ የቀበሮና የውሻ ግን ይታያል። የዚህኛው ስፋት መዳፌን ያክላል። ጅብ ነው።

በአራተኛው ቀን ያው ልጅ መጥቶ ወንዙ ዳር ወሰደኝ። የጅብ ዓይነ ምድር ነበር ያገኘው። ጅብ አጥንት ስለሚፈጭ ሲደርቅ እንደ ኖራ ይነጣል። ልጁ በበትሩ ሰበረው። ውስጡ ግራጫ ጸጉር ነበር፤ አጭር፣ ለስላሳ። የበግ አይደለም፣ የአህያም አይደለም። ዝም ብዬ ቆምኩ። ልጁም ዝም አለ። ቆይቶ በእግሩ አፈር መለሰበት።

ይህ ዘዴ የእረኛ ብቻ አይደለም። የመቐለ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ትግራይ ውስጥ ከሁዳዴ በፊት፣ በሁዳዴና ከፋሲካ በኋላ የጅብ ዓይነ ምድር እየሰበሰቡ ጸጉሩን መርምረዋል። ጥናቱ እ.ኤ.አ. በ2012 ታትሟል። በጾሙ ጊዜ የአህያ ጸጉር ከእጥፍ በላይ ጨምሮ ተገኝቷል። ሰው በእነዚያ 55 ቀናት አያርድም፤ የሚጣል አንጀትና አጥንት የለም። ጅቡ ደግሞ አይጾምም፤ በሕይወት ያለውን ያድናል። እነሱ የጻፉት ስለ አህያ ነው። የእኔ ውሮ የሄደችውም በዚያው በሁዳዴ መሆኑ ግን ከሐሳቤ አልወጣም። እናቴ በጾም ወራት በሩን ቀደም አድርጋ ትዘጋ እንደነበር ትዝ ያለኝም ያኔ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው።

ድመት ስትጠፋ ምን እንደሚከተል የገጠር ሰው ያውቀዋል። አይጥ አርግዛ በሦስት ሳምንት ገደማ ትወልዳለች። የተወለደችውም ሦስት ወር ሳይሞላት እናት ልትሆን ትችላለች። ክረምቱ ሲገባ ሌሊት ክዳኑ ውስጥ ይራወጡ ጀመር። ለዘር ያስቀመጥኩትን የባቄላ ጆንያ ከሥሩ ቀደዱት። እናቴ በእጇ ፈትላ ያሠራችው ባና እንኳ ጠርዙ ተበላ። ባቄላው ይተካል። ለባናው ግን ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ስህተት የሠራሁት ያኔ ነው። ከገበያ በወረቀት የተጠቀለለ ጥቁር ዱቄት ገዛሁ። ስም የለው፣ ምልክት የለው። ሻጩ «ከሊጥ ጋር ለውሰው ያስቀምጡት» ከማለት በቀር ያስጠነቀቀኝ ነገር የለም። እንዲህ ያለው ጥቁር የአይጥ መርዝ አብዛኛውን ጊዜ ዚንክ ፎስፋይድ ነው። ሆድ ውስጥ ከአሲድ ጋር ሲገናኝ ገዳይ ጋዝ ይሆናል፤ ማርከሻም የለውም። ይህን ያነበብኩት በኋላ ነው። በሦስተኛው ቀን የጎረቤቴ ድመት የሞተ አይጥ በአፏ ይዛ ካቡን ስትዘል አየኋት። ጮህኩባት፣ ድንጋይ ወረወርኩ፣ አልጣለችውም። ሌሊቱን ስትንፈራገጥ አድራ ሞተች። ጎረቤቴ ክፉ ቃል አልወጣትም። «ምን ታደርጊ፣ አይጡ መድረሻ ቢያሳጣሽ ነው» አለችኝ። ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

የአይጥ መርዝ እንደ በርበሬ በወረቀት ተጠቅልሎ ጉልት ላይ መሸጡ ይቁም። ይህን የምለው ለሚመለከተው ሁሉ ነው። ቤት ውስጥ ሕፃናት አሉ።

ሁለተኛዋ ድመቴ ነጭ በግራጫ ስለነበረች ዳመና አልኳት። ከውሮ ተምሬ ማታ ማታ እዘጋባት ነበር። ግን ቀዳዳውን የደፈንኩት በጨርቅ ነው። ጨርቁን ጎትታ መውጣት ቶሎ ለመደች። አንድ ቀን ሲነጋ ደጃፉ ላይ ተጋድማ አገኘኋት። አንገቷ ላይ በሁለት በኩል ጥርስ ገብቷል። ላነሣት ስል ነከሰችኝ፤ እንዲህ ያለ አመል አልነበራትም። በማግስቱ ሞተች። ዱካው ከጅቡ በጣም ያንሳል። ሰዎቹ አይተው ቀበሮ ነው አሉ።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲልልኝ እፈልጋለሁ። የእብድ ውሻ በሽታ የውሻ ብቻ አይደለም። ቀበሮንም ድመትንም ይይዛል፤ ከእነሱም በንክሻ ወደ ሰው ይተላለፋል። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚድን ሰው የለም ማለት ይቻላል። የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያው በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ ያህል ይጠበው፤ ከዚያ ሳይውል ሳያድር ለክትባት ይሂድ። እኔ እጄን ታጥቤ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። ክትባቱ የለም ተባልኩ። ደብረ ብርሃን ወርጄ ነው የተከተብኩት። ጡረታዬ ለመኪና ስለሚበቃኝና ከተማ ዘመድ ስላለኝ ተሳካልኝ። ያ እረኛ ልጅ ቢነከስ ማን ይወስደው ነበር? ይህን እያሰብኩ ስንት ሌሊት እንቅልፍ አጥቻለሁ። የውሻው ክትባት ለድመትም የሚሰጥ ነው። ባለፈው ከታቢዎች ሲመጡ የአሁኗን ድመቴን በነጠላዬ ጠቅልዬ ብወስድ «እኛ ለውሻ ነው የመጣነው» ብለው መለሱኝ። በሚቀጥለው እንዳይመልሱኝ እለምናለሁ። ቀበሮ ነክሷት መጥታ ከእህል ጓዳ የምትገባው፣ ልጆች የሚያቅፏት ድመቷ ናት።

ዳመና በሞተች ሰሞን በግ የተበላባቸው አባወራዎች ሥጋ መርዘው ሜዳ ላይ ሊጥሉ መከሩ። ንዴታቸው ይገባኛል፤ የእኔም አንጀት አርሮ ነበር። ግን ሄጄ ለመንኳቸው። የተመረዘ ሥጋ በላተኛውን አይመርጥም። ውሻችሁም ይበላዋል፣ ጥንብ አንሳውም ይበላዋል። ከእኛ በላይ ደግሞ ጓሳ የሚባለው ጥብቅ የሣር ተራራ አለ። እዚያ ያለው ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ በቀር በዓለም ላይ የትም የለም፤ የቀረውም ከ500 ያንሳል። ስሙ ቀበሮ ስለሆነ ብቻ ሌላው ለበላው እሱ ይከፍላል። እሱ የሚያድነው ቀን ነው፤ ቀለቡም በአብዛኛው አይጥና የአይጥ ዘር ነው። «አይጥ የሚበላልንን ለምን እንገድላለን?» አልኳቸው። አንድ አዛውንት «እሷ ያለችው እውነት ነው» ብለው ደገፉኝና ነገሩ ቀረ። እግዜር ይስጣቸው።

መንዝ መዝጋት ያውቃል። አያቶቻችን ቄሮ በሚባለው የጋራ አጠባበቅ ሥርዓት ጓሳን ለዓመታት ዘግተው፣ ሣሩ ሲደርስ ብቻ በቀጠሮ ያጭዱ ነበር። ያን የሚያህል ተራራ ዘግቶ የጠበቀ ሕዝብ አንዲት የጓዳ ቀዳዳ ማታ መዝጋት አያቅተውም።

«ድመት ከተዘጋባት አይጥ አትይዝም» የሚሉኝ አሉ። እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው። ግን እህሉን የሚበላው አይጥ ሌሊት የት ነው ያለው? እህሉ ዘንድ ነው። ድመቷ ውጭ ስትዞር ብታድር የሜዳ አይጥ ትይዛለች እንጂ ጎታዬን አትጠብቅልኝም። ጅብም ቀበሮም የሚንቀሳቀሱት እሷ በምትንቀሳቀስበት ሰዓት ነው። ጓዳ ውስጥ ብታድር እሷም ትተርፋለች፣ ባቄላዬም ይተርፋል።

አሁን ያለችኝ ድመት ገብሴ ትባላለች፤ ጸጉሯ የደረሰ ገብስ ይመስላል። ለቀዳዳው ከጽድ ሳንቃ አስጠርቤ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ መዝጊያ አሠራሁ። ማታ 12 ሰዓት ላይ አጓቷን ጓዳ ውስጥ አስቀምጬ እጠራታለሁ። ራት የሚሰጣት በዚያች ሰዓት ብቻ ስለሆነ አትቀርም። ገብታ መጠጣት ስትጀምር ሳንቃውን እለቀዋለሁ። ጠዋት የምከፍተው ፀሐይ ካቡን ከነካች በኋላ ነው። የመጀመሪያዎቹን ሌሊቶች ስትጮህና ሳንቃውን ስትቧጥጥ አደረች፤ በሳምንቱ ተወችው። ሁለት ዓመት ሊሞላት ነው። አሁን ጠዋት ስከፍት ደፉ ላይ ሁለትም ሦስትም አይጥ ደርድራ ትጠብቀኛለች። ዘንድሮ መርዝ አልገዛሁም።

ገብሴ ከትልቁ ጎታ ጀርባ አራት ወልዳለች። ዓይናቸውን ከገለጡ ሳምንት ሆናቸው። አራቱንም ከአሁኑ ጠይቀውኛል። የመጀመሪያዋ፣ መርዜ ድመቷን ለገደለባት ጎረቤቴ ናት። የምሰጠው ግን ቤታቸው ሄጄ ማታ የሚዘጋውን ቀዳዳ በዓይኔ አይቼ ነው። ሦስቱን ቤት አይቻለሁ። አራተኛው ቤት ሳንቃው ገና አልተጠረበም፤ የፊታችን እሑድ እሠራዋለሁ ብለውኛል።

ጡረተኛ መምህርት
ከመሐል ሜዳ አቅራቢያ፣ መንዝ