«አገሩ ቢገባ ምን አለበት?»

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ሰሞኑን ስለ ኤርትራውያን ስደተኞች ከኢትዮጵያ ወደ አገራቸው መመለስ ያወጣችሁትን ዜና ኮምቦልቻ ሻይ ቤት ቁጭ ብለን በስልክ ስናነብ አጠገቤ የነበረ ጎልማሳ «አገሩ ቢገባ ምን አለበት?» አለ። በክፋት አልነበረም። እኛ ዘንድ «ተመላሽ» ሲባል ትዝ የሚለን የሳዑዲው ልጅ ነው። በ2006 ዓ.ም. ከ160 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ከሳዑዲ ሲባረሩ የወሎ እናት ልጇን ባዶ እጁንም ቢሆን እልል ብላ ነው የተቀበለችው። ቋንቋችንም አላገዘንም፤ በጅቡቲዋ ኦቦክ በኩል እንጀራ ፍለጋ የሚሻገረውንም እስር ሸሽቶ የመጣውንም እኩል «ስደተኛ» እንለዋለን። የኋለኛውን ግን ድንበር ላይ የሚቀበለው ያው የሸሸው ወታደር ነው።

እኔ የአሰብ ልጅ ነኝ። በ1990 የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት ሲነሳ ቤታችንን እንደቆመ ትተን እዚህ መጣን። የተከራየነው ቤት በቅርቡ የተባረሩ ኤርትራውያን የነበሩበት ነው። ጓዳው ውስጥ የጀበና ማቶታቸው ቀርቶ ነበር፤ ከተነጠፈው ጨርቅ ላይ የቡናው ክብ እንኳ አልጠፋም። እናቴ «የነማን ነው?» ብላ ስትጠይቅ አከራያችን «አገራቸው ገቡ» አሉ። በኋላ ስንሰማ ልጆቹ እዚሁ ደሴ የተወለዱ ናቸው። በዚያ ጦርነት ከኢትዮጵያ የተባረሩት 75 ሺህ ገደማ ይደርሳሉ። እናቴ ማቶቱን አልጣለችውም፣ «ይመጡ ይሆናል» እያለች።

አሁን ደግሞ ወደ ባቲ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ ጎሚስታ ቤት የሚሠራ አንድ ኤርትራዊ ልጅ አውቃለሁ። ስሙን አልጠራም። በአገሩ ሕግ ብሔራዊ አገልግሎት 18 ወር ነው፤ እሱ ዘጠኝ ዓመት አገልግሎ ነው የጠፋው። ፓትሮል ባለፈ ቁጥር ክሪኩን እንደያዘ መኪና ሥር ይገባል። ደንበኞች ሥራ ወዳድ ይመስላቸዋል። ወረቀት የለውም፤ ኢትዮጵያ ከኤርትራ ለሚመጣ ሁሉ የስደተኝነት ዕውቅና በቀጥታ መስጠቷን በጥር 2012 አቁማለች፤ እሱ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው።

ሕጉ ጠፍቶ አይደለም። ስደተኛ ያለ ፈቃዱ አይመለስም የሚለው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ስምምነት የተፈረመው እዚሁ አዲስ አበባ፣ ጳጉሜ 5 ቀን 1961፣ በዘመን መለወጫ ዋዜማ ነው። የራሳችን የስደተኞች አዋጅ ቁጥር 1110/2011ም ይህንኑ ይላል። ሆኖም በሰኔ 2015 በመቶዎች የሚቆጠሩ ኤርትራውያን ተባረሩ ብለው የተባበሩት መንግሥታት ባለሙያዎች አቤት ብለዋል። «ሰላይ ቢኖርባቸውስ?» የሚል አይጠፋም። ካለ ስሙ ተጠርቶ ይከሰስ፤ ሕፃን ካዘለች ሴት ጋር አንድ ላይ ለምን ይጫናል?

የነቢዩ ሙሐመድን ተከታዮች ያስጠለለውን የንጉሥ ነጃሺን ታሪክ በወሎ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ያወራዋል። የምናወራው ግን ግማሹን ነው። «ተቀበላቸው» ብለን እናቆማለን። ያሳደዷቸው የመካ ቁረይሾች «ሰዎቻችንን መልስልን» ብለው ዐምር ኢብኑል ዓስን ስጦታ አስይዘው እንደላኩ፣ ንጉሡም ስደተኞቹን አስጠርቶ ከአፋቸው ከሰማ በኋላ እጅ መንሻውን ጭምር መልሶ እንዳሰናበታቸው እንዘለዋለን። ለእኔ ታሪኩ ያለው እዚያ ላይ ነው።

ለእናንተ ያለኝ ቅሬታ አንድ ቃል ላይ ነው። ዜናችሁ «ወደ አገራቸው ተሸኙ» ይላል። ሽኝትን እኛ እናውቃለን፤ ስንቅ ተቋጥሮ፣ ተመርቆ፣ እስከ መናኸሪያ ተሄዶ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ከመጻፋችሁ በፊት ከተጫኑት አንዱን «ፈቅደህ ነው?» ብላችሁ ጠይቁልን። መልሱን አትሙ፤ እንዳትጠይቁ ከተከለከላችሁም መከልከላችሁን አትሙ።

የአሰብ ልጅ
ከኮምቦልቻ