«እኔ የመረብ ኳስ ሰው ነኝ» አልክ አሉ

ይድረስ ለፊሽካ፣

ጤና ይስጥልኝ ወንድሜ። ጠፋሁ፣ አውቃለሁ። መጀመሪያ ሥራ በዛ፤ ከዚያ እፍረት መጣ፤ እፍረቱ ሲቆይ ደግሞ እየከበደ ሄደ። ይቅርታውን በጅምላ ስጠኝና እንለፈው። ስድቡን ስንገናኝ በችርቻሮ ታወርድብኛለህ።

ዛሬ ያስጻፈኝ ወሬ ነው። ከባለቤትህ ነው የሰማሁት፤ እንዳትቆጣት። አንተ ሜዳ የምትሆንበትን ሰዓት ጠብቄ ደውዬ እኔው ነኝ ያስለፈለፍኳት። (አዎ፣ አንተን ፈርቼ ሚስትህ ጋ ደወልኩ። ሳቅ እንግዲህ።) የእግር ኳስ ክለብ «ና፣ ከአሠልጣኞቹ ጋር ሥራ» ብሎሃል አሉ። ደመወዝ ያለው፣ ሊግ የሚጫወት ክለብ። አንተ ደግሞ «እኔ የመረብ ኳስ ሰው ነኝ፣ እዚያ ሄጄ መሳቂያ ልሁን?» ብለህ እምቢ ልትል ነው አሉ። እውነት ነው? እውነት ከሆነ ይችን ደብዳቤ እስክትጨርስ ድረስ ምንም እንዳትመልስላቸው።

ያለሁበትን ታውቃለህ። ዶኒጎል፣ የአየርላንድ ሰሜን ምዕራብ ጥግ፣ ዝናቡ አባርቶ የማያውቅበት አገር። እዚህ «ፉትቦል» ሲሉህ እኛ የምናውቀው ኳስ እንዳይመስልህ። ጌሊክ ነው። ባንድ ወገን 15 ሆነው ይገባሉ። ኳሱን በእጅ ይይዙታል፣ ይሮጣሉ፣ ግን ከአራት እርምጃ በላይ ይዞ መሮጥ የለም። ወይ መሬት ላይ አንጥረህ ትይዛለህ፣ ወይ እግርህ ጫፍ ላይ ጥለህ ወደ እጅህ ትመልሳለህ። ማቀበል በእግር ነው ወይም በቡጢ ወይም በመዳፍ ጠለዝ ማድረግ ነው። የግቡ ቋሚዎች ከአግዳሚው በላይ ወደ ሰማይ ይቀጥላሉ። ከአግዳሚው በታች መረብ ውስጥ ካገባህ ሦስት ነጥብ፣ በላይ ካሳለፍክ አንድ፣ በአዲሱ ደንብ ደግሞ ከሩቅ መትተህ በላይ ካሳለፍክ ሁለት። አንተ ብታየው መረብ ኳስና እግር ኳስ ተጋብተው የወለዱት ልጅ ነው ትላለህ። ከወላጆቹም በላይ ይፋለማል።

የሚገርምህ ደግሞ ደመወዝ የለም። ክሮክ ፓርክ ደብሊን ውስጥ 82,300 ሰው የሚይዝ ስታዲየም ነው። ለፍጻሜ ጢም ይላል። እዚያ መሀል ዋንጫ ያነሳው ልጅ ግን ሳምንቱ ሳያልቅ ተማሪ ቤት ሒሳብ ያስተምራል፣ ወይ የሰው ቤት መብራት ይዘረጋል። ተጫዋች አይገዛም፣ አይሸጥም። የምትጫወተው ለሰፈርህ፣ ጎበዝ ከሆንክ ደግሞ ለአውራጃህ ነው።

እንግዲህ ስለ ጂም መጊነስ ልንገርህ። እዚህ አገር የሱን ስም ሳትሰማ ፀጉር አትቆረጥም። ግሌንቲስ የምትባል ትንሽ ከተማ ልጅ ነው። ዶኒጎል በታሪኩ የመጀመሪያውን የመላ አየርላንድ ዋንጫ በ1992 ሲያነሳ (ዓመቱን በፈረንጅ ነው የምቆጥርልህ) እሱ ገና አንድ ፍሬ ልጅ ሆኖ ከቡድኑ ጋር ነበር። ከዚያ በኋላ ሃያ ዓመት ዋንጫ የለም። ሰውዬው በመሀሉ ስፖርት ሳይንስ ተማረ፣ በስፖርት ሥነ ልቦና ሁለተኛ ዲግሪ ያዘ። ሁለት ወንድሞቹንም ቀብሯል፤ አንዱን ገና በልጅነቱ፣ ሌላው እሱን አውሮፕላን ማረፊያ ሊያደርስ እየነዳ ሳለ ነው በመኪና አደጋ የሞተው። ይሄን ሁሉ ይዞ ነው ለ2011 የውድድር ዘመን የዶኒጎልን ዋና ቡድን የተረከበው።

የመጀመሪያ ዓመቱ ላይ ሰው ሰደበው። ከደብሊን ጋር ግማሽ ፍጻሜ ደርሰው ሁሉንም ሰው ከኳሱ ጀርባ ከመረው። ሰባ ደቂቃ ተጫውተው 8 ለ 6 ተሸነፉ። ሌላ ጊዜ አንድ ቡድን ብቻውን የሚያስቆጥረውን ነው ሁለቱ ተደማምረው ያስቆጠሩት። ጨዋታውን ገደለው ተባለ። እሱ ግን ቀጠለ። መከላከሉን ሳይተው ከኋላ ተነስቶ በሩጫ ማጥቃቱን ጨመረበት። በ2012 መስከረም ላይ ሜዮ የሚባለውን አውራጃ በፍጻሜው 2-11 ለ 0-13 አሸነፉ። ግቡን በሦስት አባዛውና ደምረው፤ 17 ለ 13 ነው።

በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ የስኮትላንዱ ሴልቲክ ወሰደው። የቻምፒዮንስ ሊጉ ሴልቲክ ማለቴ ነው! በዚያው ወር ባርሴሎናን 2 ለ 1 አሸንፈዋል። የኬንያው ቪክተር ዋንያማ የማዕዘን ምት በግንባሩ ገጭቶ ያገባባት ጨዋታ፣ አስታወስካት? ኳሱ ሙሉ ሌሊት ከባርሳ እግር አልወጣም፣ ውጤቱ ግን የነዚህ ሆነ። ለዚያ ድል መጊነስን አላመሰግንም፣ እሱ ገና መምጣቱ ነበር። ግን ልብ በል፣ ሜዳ ላይ የሆነው ነገር እሱ ዶኒጎል ውስጥ ሲሰደብበት ከኖረው ጨዋታ ብዙም አይርቅም። ወደ ኋላ ተሰብስቦ ታግሶ፣ ስትገኝ መቅጣት።

ለምን ነው የፈለጉት? ቅጣት ምት እንዲያስተምር አይደለም። የብቃት አማካሪ ነው ያሉት። ከዋናው ቡድንም ከወጣቶቹም ተጫዋቾች ጋር ጭንቅላታቸው ላይ ሊሠራ። ያለ ሳንቲም ሰውን ለሊት አስነስቶ ዝናብ ውስጥ ያስሮጠ ሰው፣ ደመወዝተኛ ልጆች ውስጥ የሚቀሰቅሰው ነገር ይኖረዋል ብለው ይመስለኛል። እኔም ብሆን ለዚሁ ነበር የምፈልገው።

አንተ «መሳቂያ» ትላለህ። ፊሽካ፣ እዚህ አገር እኮ እስከ 1971 ድረስ የጌሊክ ማኅበር አባል ሆነህ እግር ኳስ መጫወት ቀርቶ ቆመህ ስታይ ከተያዝክ ትባረር ነበር። የእንግሊዝ ጨዋታ ነው ብለው። ክሮክ ፓርክም እግር ኳስን በሩ ላይ አቁሞ ኖሮ ያስገባው በ2007 ነው። መጊነስ የተሻገረው ይሄን ግድግዳ ነው። እርግጥ ሴልቲክ ለዶኒጎል ሰው ባዕድ ቤት አይደለም። ግላስጎው የገቡ የአየርላንድ ድሆችን ለማብላት በ1887 አንድ የአየርላንድ መነኩሴ ያቋቋመው ክለብ ነው፤ የዶኒጎል ሰው ደግሞ ለሥራ ግላስጎው ሲመላለስ የኖረ ነው። የዚያን ጊዜው አሠልጣኝ ኒል ሌነንም በልጅነቱ ጌሊክ የተጫወተ ነበር። ያንተስ ግድግዳ ምንድነው? ጂምናዚየሙና የኳስ ሜዳው አንድ ግቢ ውስጥ እኮ ናቸው።

እስቲ ያችን ቀን አስታውስ። አሠልጣኛችን ታሞ ቀርቶ አንተ የያዝከን ቀን። አምስተኛው ዙር ላይ 12 ለ 9 እየተመራን ታይም አውት ጠየቅክ። ሠላሳ ሰከንድ። እኛ ለስድብ ተዘጋጅተን ከበብንህ። ዝም። ለሁላችን ውኃ ሰጠህ። ጎንበስ ብለህ ላስቲኩ ላልቶ ቁርጭምጭሚቴ ላይ የወረደውን የጉልበቴን መከላከያ ጎትተህ መለስክልኝ። ዳኛው ፊሽካውን ወደ አፉ ሲያስጠጋ «አምስት ቁጥሩ መዝለል አቅቶታል፣ በሱ በኩል» አልክ። በቃ። ሌላ ቃል አልወጣህም። ውጤቱን እዚህ አልጽፈውም፣ ትኮራብኛለህ።

እኔ የምልህ ይሄንን ነው። እግር ኳስ ውስጥ ታይም አውት የለም። አሠልጣኙ ያለው የእረፍቱ 15 ደቂቃ ነው፤ አብዛኛው ሲጮህ ያልቃል። ሠላሳ ሰከንድ ውስጥ ማን እንደደከመ አይቶ አንድ ነገር ብቻ የሚናገር ሰው እዚያ መልበሻ ቤት ውስጥ ቢቀመጥ ምን እንደሚሆን አስበው። ዝላዩስ? የማዕዘን ምት ሲመጣ ተከላካዮቻችን ሲዘሉ አይተህ አታውቅም? ሁለት እግራቸውን መሬት ላይ ተክለው ይንጠራራሉ። አንተ እርምጃ ቆጥሮ መነሳትን፣ ክንድ ወደ ኋላ ጥሎ መወንጨፍን፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ጉልበት ሳይጎዳ ማረፍን ስታስተምር ነው ያረጀኸው። ግብ ጠባቂዎቹን ብቻ ቢሰጡህ ይበቃል።

ግን እውነቱን ሁሉ ልንገርህ፤ በኋላ አታለልከኝ እንዳትለኝ። መጊነስ ሴልቲክ ሲገባ ዶኒጎልን አልለቀቀም። ሁለቱንም ያዘ። በ2013 ዶኒጎል በሜዮ 4-17 ለ 1-10 ተቀጠቀጠ፤ አሥራ ስድስት ነጥብ ነው ልዩነቱ። በሁለቱ ሥራ ምክንያት ነው ብዬ አልምልም፤ ከዋንጫ በኋላ ቡድን ይደክማል። ብቻ የሰው አፍ አይቀርም። በሚቀጥለው ዓመት ማንም የማይነካውን ደብሊን በስድስት ነጥብ ጥሎ ለፍጻሜ ደረሰ፤ እዚያ በኬሪ ተሸነፈና ለቀቀ። ከዚያ ሙሉ ለሙሉ እግር ኳስ ነው የሆነው። በ2017 ሮጀር ሽሚት የሚባለውን ጀርመናዊ ተከትሎ ቤይጂንግ ጉዋን ገባ፣ በረዳትነት።

ከቻይና በኋላ ነው የሚከፋው። አሜሪካ ሻርሎት ውስጥ ዋና አሠልጣኝ አደረጉት። በ2018 መጨረሻ ተሾመ፣ በ2019 አጋማሽ አሰናበቱት። ውጤት የለም። የአውሮፓ ከፍተኛውን የአሠልጣኝነት ፈቃድ የያዘ ሰው ነው እኮ። እኔ እዚህ ላይ ብዙ አስቤአለሁ። ሌላ ሰው አምኖበት በጎኑ ያስቀመጠው ጊዜ ዓመታት ሠራ፤ የቡድኑን ሙሉ ሸክም ሲያሸክሙት ግማሽ ዓመት ነው የሰጡት። ስለዚህ አንተም ከፊት እንሹምህ ቢሉህ እሺ እንዳትል። ማን እንደፈለገህም ጠይቅ። ዋናው አሠልጣኝ ራሱ ነው የጠራህ ወይስ ቦርዱ ሰውዬው ሳያውቅ ነው ያመጣህ? ቦርዱ ከሆነ ሰውዬው ሰላይ ነው የምትመስለው። ቀድመህ ሄደህ ቡና ጋብዘውና ፊቱን እየው። አንተ ፊት ማንበብ ታውቅበታለህ።

የመረብ ኳስ ልጆችህንስ? ይሄን ባለቤትህ ስታነሳው ድምጿ ተለወጠ። ልጆቹን መተው ከብዶህ ነው መሰለኝ መሳቂያ ምናምን የምትለው። ልክ ነኝ? መጊነስ በ2023 ወደ ዶኒጎል ተመልሷል። በ2024ም በ2025ም የአልስተርን (የሰሜኑን ክፍለ ሀገር) ዋንጫ አነሳ፤ በ2025 ለመላ አየርላንድ ፍጻሜ ደርሶ አሁንም ያው ኬሪ ቀጣው። ሰው ተቆጥቶ በሩን አልዘጋበትም ለማለት ነው።

አሁን አንድ ነገር... እንዴት ብዬ ልጻፈው። ወሬውን ስሰማ ቀናሁብህ። ደስ አለኝ፣ ወዲያው ደግሞ ሆዴን አንድ ነገር ቆረጠኝ። እኔ እዚህ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሌሊት ነው የምሠራው። አልጋ አነጥፋለሁ፣ አዛውንት አገላብጣለሁ። ሥራው ክፉ አይደለም፤ ስለ 1992ቱ ዋንጫ ሰባት ጊዜ የሚነግሩኝ ሽማግሌዎች አሉ። ግን ስፖርት መምህር መሆኔን የሚያውቅ የለም። ልጄ ጌሊክ ሲለማመድ ከዳር እቆማለሁ። በቀደም አንደኛው አሠልጣኝ ኮኖቹን እንድሰበስብ ነገረኝ፤ ሰበሰብኩ። ስሰበስብ አንዱ ልጅ ኳስ ሊቀማ ሲዘል ክንዱን እንዴት እንደሚጥል አየሁና አፌ ላይ መጣ። ዋጥኩት። ማን ጠየቀኝ? አንተን ግን ጠየቁህ። አንተ እምቢ ካልክ እኔንም ጨምረህ እምቢ ያልክብኝ ይመስለኛል። ትክክል አይደለም፣ አውቃለሁ፤ የራሴን ሸክም ባንተ ትከሻ መጫን ነው። ግን ተሰማኝ፣ ምን ላድርግ።

በል እንግዲህ። ሐሙስ እረፍት ነኝ፤ ማታ ባንተ ሦስት ሰዓት ላይ እደውላለሁ። ባታነሳ ሚስትህ ጋ ነው የምደውለው፣ መንገዱን ለምጄዋለሁ። እስከዚያ ድረስ ክለቡን «እያሰብኩበት ነው» በላቸው። ደመወዙንም ሳታስጽፍ እጅ እንዳትጨብጥ፤ አንተ ደግሞ ሲያመሰግኑህ ገንዘብ መጠየቅ ታፍራለህ።

ልጆቹን ሳምልኝ። እትዬንም ጉልበት ሳምልኝ።

ያንተው፣
ቀጮ (አሁን እንኳ ወፍሬያለሁ)

ይቺን ረስቼ፦ ለገና አንድ ልጅ ወደ አገር ቤት ይገባል፣ የጌሊክ ኳስ አስይዤዋለሁ። ልጆችህ በጣታቸው እንዳይቀበሉት ተጠንቀቅ። ወደ 500 ግራም ነው፣ የመረብ ኳሱ ከ280 አይበልጥም።