ባቡሩ ለምን ዶራቪል ላይ ይቆማል?

ይድረስ ለወንድሜ፣ ክላርክስተን፣ ጆርጂያ

እንደምን ከርመሃል? ባለቤትህና ልጆቹስ ደኅና ናቸው? የዝምታዬን ምክንያት ልደርድር ብል አንተም የምትደረድረው አታጣምና ተቻችለን እንለፈው። ከበዓል እስከ በዓል «እንኳን አደረሰህ» እየተባባልን ስንት ዓመት እንደበላን መቁጠሩም ያሳፍራል።

ዜግነት መውሰድህን ስሰማ በጣም ደስ አለኝ። የጻፍኸው ነገር ግን ከ«እንኳን ደስ አለህ» ያለፈ መልስ ይፈልጋል። «እዚህ ስለ ባቡር ሲመክሩ ቆይተው ድንገት ስለ ቀለም ሲጣሉ ታገኛቸዋለህ፤ ምን አምልጦኝ ነው?» ብለሃል። ያመለጠህ የስብሰባው መጀመሪያ ነው፤ የተጀመረው ደግሞ ከመቶ ዓመት በፊት ነው። ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ይባል የለ? በጆርጂያ አንድ ደንብ ወይም አንድ ድንበር ግራ ሲያጋባህ ሁለት ነገር ጠይቅ፤ በስንት ዓመተ ምሕረት ወጣ (ዓመቱንም ወሩንም የምጽፍልህ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው)? በዚያ ዓመት ድምፅ መስጠት ይችል የነበረውስ ማን ነው?

ከባቡሩ እንጀምር። ማርታ የሚሉት የአትላንታ ባቡርና አውቶቡስ በሰሜን ምሥራቅ በኩል ዶራቪል ላይ ያበቃል። ዶራቪል ያንተው ዴካልብ ካውንቲ (እንደኛ ወረዳ ያለ አስተዳደር) ጫፍ ናት፤ ከሷ ወዲያ ግዊኔት ነው። ዕቅዱ ሲነደፍ ዙሪያውን ያሉትን ካውንቲዎች ሁሉ ለማዳረስ ታስቦ ነበር። ኮብ በ1965 አልፈልግም አለ። በ1971 በተደረገው ሕዝበ ውሳኔ አትላንታ ያለችበት ፉልተንና ዴካልብ በዶላር አንድ ሳንቲም የሽያጭ ታክስ ለመክፈል ተስማሙ፤ በምትኩም የአውቶቡሱ ዋጋ ከ40 ሳንቲም ወደ 15 ሳንቲም ወረደላቸው። ግዊኔትና ክሌይተን ግን እምቢ አሉ። እነዚህ ካውንቲዎች ያኔ የነጮች መኖሪያ ነበሩ፤ ብዙዎቹም የአትላንታ ትምህርት ቤቶች ጥቁርና ነጭ ማቀላቀል ሲጀምሩ ከተማውን ለቀው የሄዱ ናቸው። ባቡሩ ጥቁሮችን ተሸክሞ ይመጣብናል የሚለው ፍርሃት የአደባባይ ወሬ ነበር፤ የማርታን ምሕጻረ ቃል «አፍሪካውያንን ባትላንታ ውስጥ በፍጥነት ማጓጓዣ» እያሉ ይቀልዱበትም ነበር።

አሁን ያለውን ለማየት ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ክሌይተን በ2014 ገባ። ግዊኔት በ1990 እና በ2019 ማርታን፣ በ2020 እና በ2024 ደግሞ የራሱን የትራንስፖርት ታክስ እምቢ ብሏል፤ ሆኖም የዛሬው ግዊኔት የ1971ዱ አይደለም፣ ነጮች ከግማሽ በታች ናቸው። ስለዚህ በ2024 እምቢ ያለውን ሁሉ ዘረኛ ብትለው ትሳሳታለህ፤ ታክስ የመረረውም፣ መኪና ያለውም፣ መስመሩ በሰፈሩ የማያልፍለትም አለበት። በ1971 ባቡር ሳይኖር ቀረ፤ ባቡር ስላልነበረ ቤቱም ሱቁም በመኪና መንገድ ልክ ተሠራ፤ በመኪና ልክ የተሠራ ሰፈር ደግሞ ለባቡር ድምፅ አይሰጥም። መነሻው የዘር ጉዳይ ነበር፤ አሁን የያዘው ግን ኮንክሪቱና አስፋልቱ ነው። ይህን ልዩነት ካልያዝህ ከጎረቤትህ ጋር በከንቱ ትጣላለህ።

ባክሄድ የሚሉት የአትላንታ ሀብታም ሰፈር ከከተማው ልገንጠል ስለማለቱ የሰማኸው ጭቅጭቅም እንዲሁ ነው። እኔ ከሁሉ የሚገርመኝ ይሄኛው ነው። በ1946 ጥቁሮች እንዳይገቡበት ተዘግቶ የነበረው የዴሞክራቶች ቅድመ ምርጫ (ፓርቲው ዕጩውን የሚለይበት) በፍርድ ቤት ተከፈተ፤ በአትላንታም የጥቁር መራጮች ቁጥር ባንድ ጊዜ አሻቀበ። ከንቲባው ዊልያም ሃርትስፊልድ ገና በ1943 የጥቁሩ ሕዝብ እያደገ ነው ብሎ ለነጮቹ ደብዳቤ ጽፎ አስጠንቅቆ ነበር። መፍትሔው ከከተማው ውጪ ያሉትን የነጮች ሰፈሮች ወደ ውስጥ ማስገባት ሆነ። በጥር 1952 የአትላንታ ስፋት ከ37 ወደ 118 ስኩዌር ማይል አደገ፣ 100,000 ያህል ሰው ተጨመረ፤ ባክሄድ የገባው ያኔ ነው። ሒሳቡ የሠራው ግን ለሃያ ዓመት ብቻ ነው። በ1973 ሜይናርድ ጃክሰን የመጀመሪያው ጥቁር ከንቲባ ሆኖ ተመረጠ፤ ከሱ ወዲህ ወንበሩ ላይ የተቀመጡት ሁሉ ጥቁሮች ናቸው። ከ2021 ጀምሮ ደግሞ ያው ባክሄድ ልገንጠልና የራሴን ከተማ ላቋቁም አለ። ተገንጣዮቹ ያነሡት ወንጀልንና የንብረት ግብርን ነው፤ ሐሰት ነው አይባልም። የጆርጂያ ሴኔት መጋቢት 2023 ላይ 33 ለ23 ጣለው፤ ከጣሉትም ውስጥ ሪፐብሊካኖች ነበሩበት፣ ዋናው ጭንቀታቸውም ከተማዋ በቦንድ የተበደረችውን ማን ይከፍላል የሚለው ነበር። ጥቁር ሽማግሌዎች በስብሰባ ላይ ለምን እንደዚያ እንደሚቆጡ ግን አሁን ይገባሃል፤ ድምፃቸውን ለማሳነስ የገባ ሰፈር ድምፃቸው ሲያሸንፍ ልውጣ ማለቱ ነዋ።

በዴካልብም ዳንዉዲ በ2008፣ ብሩክሄቨን በ2012 የየራሳቸውን ከተማ መሥርተዋል። አዲስ ከተማ መመሥረት የነጭ ብቻ ጥበብ እንዳይመስልህ፤ አብዛኛው ነዋሪዋ ጥቁር የሆነው ስቶንክረስትም በ2017 ይህንኑ አድርጋለች። የከተማ ምሥረታ ጥያቄ ድምፅ መስጫ ወረቀትህ ላይ ሲመጣ ስሙን ትተህ ካርታውን እይ፦ የትኛው የገበያ ማዕከልና የትኛው ቢሮ ወደ ውስጥ ገባ? ውጪ ለቀረው ካውንቲ ፖሊስና እሳት አደጋ የሚከፍል ምን ገቢ ተረፈ?

ወደ ድምፅ አሰጣጡ ልምጣ። በ1906 ለገዥነት የተወዳደሩት ሁለት ሰዎች፣ ሁለቱም የጋዜጣ ሰዎች፣ ጥቁሩን ከምርጫ ማን ይበልጥ ያርቀዋል በሚል ተፎካከሩ፤ በዚያው መስከረም አትላንታ ውስጥ ነጮች ተነሥተው ቢያንስ 25 ጥቁሮችን ገደሉ። በ1908 ሕገ መንግሥቱ ተሻሻለ፤ ለመመዝገብ ማንበብ፣ ወይም 40 ኤከር መሬት ወይም የ500 ዶላር ንብረት፣ ወይም የዘማች ልጅነት ተጠየቀ። በውስጡ «ጥቁር» የሚል ቃል አልነበረም፤ የዚህ አገር ሕግ ብዙ ጊዜ እንዲህ ቃሉን ሳይጠራ ነው የሚሠራው። ከ1917 እስከ 1963 ደግሞ ቅድመ ምርጫው የሚቆጠረው በሰው ሳይሆን በካውንቲ ነበር፤ ትልቁ ካውንቲ 6 ነጥብ፣ ትንሹ 2 ነጥብ። በ1960 ፉልተን 556,326 ሰው ይዞ 6 አገኘ፤ ኤኮልስ 1,876 ሰው ይዞ 2። ሦስት ትንንሽ የገጠር ካውንቲዎች አትላንታን ያህል ማለት ነው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሲሽረው አንድ የሕግ አውጪ አባል ሌላ ሐሳብ አመጣ፤ አሸናፊው ከግማሽ በላይ ካላገኘ ሁለቱ መሪዎች እንደገና ይወዳደሩ። ራንኦፍ የምትሉት የመለያ ምርጫ በ1964 ሕግ የሆነው እንዲህ ነው። ጥቁሮች ባንድ ዕጩ ላይ ሲተባበሩ ነጮች ተከፋፍለው እንዳይሸነፉ ነው የተባለውን ሰውየው ራሱ በኋላ አምኗል፤ ፍርድ ቤት ግን ሕጉን ለመሻር በቂ ሆኖ አላገኘውም። ቀልዱ፣ በጥር 2021 ራፋኤል ዋርኖክ የጆርጂያ የመጀመሪያው ጥቁር ሴናተር የሆነው በዚሁ የመለያ ምርጫ ነው። ደንብ ካወጣው ሰው አሳብ ያመልጣል።

በዚያው ዓመት የመለያው ጊዜ ከ9 ሳምንት ወደ 4 ሳምንት አጠረ። ውጤቱን በ2022 አየነው፤ ዋናው ምርጫ ኅዳር 8 ቀን፣ ለመለያው መመዝገቢያ ያበቃው ኅዳር 7 ቀን። መለያ መኖሩ ሳይታወቅ በሩ ተዘጋ ማለት ነው። ከ1965 እስከ 2013 ጆርጂያ እንዲህ ያለውን ለውጥ ከማድረጓ በፊት ዋሽንግተንን ማስፈቀድ ነበረባት፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2013 5 ለ4 ያንን ግዴታ አነሣው።

1965ን ያዛት። የመምረጥ መብት ሕጉ በነሐሴ ተፈረመ፤ እኔና አንተን ያስገባው የኢሚግሬሽን ሕግ በጥቅምት። ከዚያ በፊት በነበረው የ1924ቱ ሕግ ለኢትዮጵያ የተመደበው በዓመት 100 ሰው ነበር፤ ኮታው ሲሰላም በባርነት የመጡት ሰዎች ልጆች እንዳይቆጠሩ በግልጽ ተጽፏል። ሁለቱን በሮች የከፈተው ያው ትግል ነው። ቤተ ክርስቲያን በረንዳ ላይ «እኛ ጥቁር አይደለንም፣ ሐበሻ ነን» የሚሉትን ስትሰማ ይህችን ዓመት አንሣላቸው። ቋንቋችንም ያሳስተናል፤ «ዘር» ስንል የአገር ቤቱን የብሔር ነገር ነው የምናስበው፣ ማን ከየት ተወለደ የሚለውን። እዚህ ዘር ማለት ሕግ የፈጠረው መደብ ነው፤ አባትህን አይጠይቅም፣ ቅጽ ላይ ያለውን ሳጥን እንጂ።

የመምረጥ መብት ሕጉ በ1975 ሲሰፋ በቋንቋ እንዲታገዙ የተመረጡት አራት ወገኖች ናቸው፦ የስፓኒሽ ተናጋሪዎች፣ እስያውያን፣ የአሜሪካ ነባር ሕዝቦችና የአላስካ ነባሮች። አፍሪካዊ ቋንቋ የለበትም። ስለዚህ አማርኛ ተናጋሪው የቱንም ያህል ቢበዛ ሕጉ ዴካልብን በአማርኛ አትሚ ብሎ አያስገድዳትም። እናትህ ለመምረጥ ከበቁ ግን፣ ማንበብ የማይችል ሰው የፈለገውን ረዳት ይዞ ይገባል፤ የማይፈቀደው አሠሪው፣ የአሠሪው ወኪል ወይም የሠራተኛ ማኅበሩ ወኪል ብቻ ነው።

አንተ ደግሞ አሁኑኑ አድርግ። ከመሐላው በኋላ መጀመሪያ ሶሻል ሴኩሪቲ፣ ቀጥሎ መንጃ ፈቃድ ቢሮ ሄደህ ዜጋ መሆንህን አስመዝግብ። ቢሮው በግሪን ካርድ ጊዜህ የያዘው መረጃ ካልተቀየረ የምርጫ ምዝገባህ ላይ «ዜጋ አይደለም» የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። ስምህንም ተመልከት፤ «ገብረ» ባንዱ ወረቀት ተለይቶ፣ በሌላው ተጣብቆ፣ የአያትህ ስም ባንዱ ኖሮ በሌላው ሳይኖር ይቀራል። በ2018 53,000 ያህል ምዝገባዎች የታገዱት በአብዛኛው እንዲህ ባለ የፊደል አለመግጠም ሲሆን ከእነዚህ 70 ከመቶ የሚጠጉት የጥቁሮች ነበሩ፤ በ2019 ሕጉ ላላ፣ አለመግጠሙ ግን ዛሬም ጣጣ አለው። ማይ ቮተር ፔጅ በሚሉት የጆርጂያ መራጮች ድረ ገጽ ላይ ስምህን፣ አድራሻህንና ጣቢያህን አረጋግጥ፤ ምርጫው አንድ ወር ሲቀረው ምዝገባ ይዘጋል። በዕለቱ ፎቶ ያለው መታወቂያ፣ ለማንኛውም ፓስፖርትህንም ያዝ።

በመንጃ ፈቃድህ ላይ ስምህ እንዴት እንደተጻፈ ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ፤ ከዜግነት ወረቀትህ ጋር አብረን እናስተያየዋለን።

ያንተው