ለወጌሻ የተነገረ ደጋፊ ጆሮ አይግባ

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

በስፖርት ገጻችሁ አንድ ጸሐፊ ሱስ ያለባቸው ተጫዋቾች በስም ይጋለጡ ብለው ነበር። ንዴታቸው ይገባኛል፤ ደጋፊ ከፍሎ የሚገባው ላቡን የሚያፈስ ልጅ ለማየት ነው። ሐሳቡን ግን አልቀበለውም።

እኔ ባህር ዳር ታዳጊዎችን አሰለጥናለሁ። እዚህ ሱስ ሲባል ከሁሉ በፊት ጫት ነው፤ በከተማዋ ዙሪያ ይበቅላል፣ በየሰፈሩ ይሸጣል። ከሰዓት በርጫ፣ ማታ ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ፣ ሌሊት እንቅልፍ የለም፣ ጠዋት ልምምድ።

በእጄ ካለፉት አንዱ ክለብ ገባ። የትኛው እንደሆነ ይቅር። ወጌሻው ጉልበቱን እያሸው ሳለ፣ ልጁ ጫት ማቆም እንዳቃተው ነገረው። ወጌሻው ለአሰልጣኙ፣ አሰልጣኙ ለቦርዱ፣ ከዚያ ወዲያ እንግዲህ እግዜር ይወቀው። በሚቀጥለው ጨዋታ ልጁ ኳስ ሲያመልጠው ከደጋፊ መሀል «ገራባህን ትፋና ሩጥ!» የሚል ድምፅ ወጣ። አጠገቤ የነበሩት ታዳጊዎቼ መጀመሪያ ሳቁ። ስንወጣ አንዱ «እኔ ብሆን አልናገርም ነበር» አለኝ። የምፈራው ይህንን ነው።

የፀረ-አበረታች ቅመሞች ሕጉ እንደሆነ ቀልድ አያውቅም። ጫት ውስጥ ያሉት ካቲኖን እና ካቲን በውድድር ወቅት የተከለከሉ ናቸው። ካቲን በአንድ ሚሊ ሊትር ሽንት ውስጥ ከ5 ማይክሮ ግራም ካለፈ ጣጣ ነው። የውድድር ወቅት የሚባለው ከጨዋታው ዋዜማ ሌሊት 5:59 ጀምሮ ቢሆንም፣ ቀደም ብሎ የተቃመም በማግስቱ ሽንት ውስጥ ሊገኝ ይችላል። እ.ኤ.አ. ከ2021 ወዲህ ኮኬይን፣ ሄሮይን፣ ኤክስታሲ ወይም ካናቢስ የተገኘበት ስፖርተኛ፣ ከውድድር ውጭ፣ ብቃት ለመጨመር ሳይሆን ለሌላ ጉዳይ እንደወሰደው ካሳየ ቅጣቱ 3 ወር ብቻ ነው። ሕክምና ከጨረሰ ወደ 1 ወር ሊወርድለት ይችላል። ጫት ከእነዚህ አንዱ ስላልሆነ ይህ ቅናሽ አይመለከተውም። ስለዚህ የእኛ ልጆች እርዳታ ማግኘት ያለባቸው ሳይመረመሩ በፊት ነው።

የአውስትራሊያ እግር ኳስ ሊግ (ጨዋታው እኛ የምናውቀው እግር ኳስ ሳይሆን የአገሪቱ የራሷ ዓይነት ነው) እ.ኤ.አ. ከ2005 ጀምሮ ለአደንዛዥ ዕፅ የተለየ ደንብ አለው። እ.ኤ.አ. በ2024 በነበረው አሠራር፣ ከውድድር ውጭ በሚደረግ ምርመራ ተጫዋቹ መጀመሪያ ሲገኝበት ጉዳዩ ከሐኪም አይወጣም ነበር፤ ምክርና ሕክምና ያገኝ ነበር። ወቀሳም አላጣውም። በዚያው ዓመት አንድ የአውስትራሊያ ፓርላማ አባል፣ ክለቦች እንዳይነቃባቸው ተጫዋቾቹን «ተጎድተዋል» እያሉ ከጨዋታ ያስወጣሉ ብለው ከሰዋል። እንዲህ ያለ ሽፋን እኔም አልፈልግም። በፀረ-አበረታች ቅመሞች ምርመራ ተገኝቶበት ጥፋቱ የተረጋገጠ ሰው ስሙ በሕጉ መሠረት ይውጣ። ራሱ መጥቶ «እርዱኝ» ያለው ግን ሌላ ነው።

ክለቦች ሲያስፈርሙ አንድ አንቀጽ ይጨምሩ፦ ተጫዋቹ ለሕክምና ባለሙያ የነገረው ያለ ፈቃዱ ለአሰልጣኝም ለቦርድም አይነገርም። የሕክምናውን ወጪም ክለቡ ይቻል፤ ከፊርማው ገንዘብ አንጻር ኢምንት ነው። ወጌሻው በአሰልጣኙ በጎ ፈቃድ የሚቀጠርና የሚባረር ከሆነማ ምስጢር ጠብቅ ማለት ቀልድ ነው። ደመወዙንና ግምገማውን ከአሰልጣኙ እጅ ያውጡት።

የታዳጊዎች አሰልጣኝ
ከባህር ዳር