በአልጋ ዳር የሚሰጥ ትምህርት እንደ ሥራ ይቆጠር

ለጋዜጣው አዘጋጅ፦

ሐኪም ወይ ያክም ወይ ያስተምር፣ ሁለቱን ደርቦ ከያዘ አንዱን መበደሉ አይቀርም የሚለው አስተያየት በየጊዜው ይሰማል። ሁለቱንም ለዓመታት ደርቤ የያዝኩ የውስጥ ደዌ ሐኪም በመሆኔ ስጋቱን አላጣጥልም፤ ነገር ግን ችግሩ የሥራዎቹ መደረብ ሳይሆን ማስተማሩ ከሥራ ሰዓት አለመቆጠሩ ነው ብዬ አምናለሁ።

ብቻዬን በአሥር ደቂቃ የማያት ታካሚ ከተማሪዎች ጋር ስትታይ ግማሽ ሰዓት ትወስዳለች። ሚትራል ቫልቭ የሚባለው የልብ በር ሲጠብ የሚሰማው ዝቅተኛ ድምፅ ታካሚዋ በግራ ጎኗ ካልተኛች በቀላሉ ይታለፋል፤ ስለዚህ ፈቃዷን ጠይቄ አዞራታለሁ፣ ስቴቶስኮፑ የት እንደሚያርፍ አሳያለሁ፣ ተማሪውም ድምፁን እስኪለየው ድረስ ደጋግሞ ያዳምጣል። (እውነቱን ለመናገር፣ ተማሪ ጠይቆኝ መመለስ ያቃተኝ ጥያቄ ነው ብዙ ጊዜ ወደ መጽሐፍ የሚመልሰኝ።) በዚያ ሰዓት ግን በተመላላሽ ክፍል በር ላይ የሚጠብቁኝ ሰዎች ቁጥር አይቀንስም።

ክርክሩ አዲስ አይደለም። ካናዳዊው ሐኪም ዊሊያም ኦስለር በአሜሪካው ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ፣ ሆስፒታሉ እ.ኤ.አ. በ1889፣ የሕክምና ትምህርት ቤቱም በ1893 ከተከፈቱ በኋላ፣ ተማሪዎችን ከአዳራሽ አውጥቶ ወደ ዋርድ አስገባ። ይሁንና አሜሪካዊው የትምህርት ባለሙያ አብርሃም ፍሌክስነር የክሊኒክ ፕሮፌሰሮች ከግል ሕክምና ገቢ ተላቀው የሙሉ ጊዜ ደመወዝተኛ እንዲሆኑ ሲከራከር፣ ኦስለር በ1911 ሐሳቡን አጥብቆ ተቃወመ፤ መምህሩ ከሕሙማን ዓለም ይርቃል ብሎ ሰግቶ ነበር። ዩኒቨርሲቲው ግን በ1913 የሙሉ ጊዜውን ሥርዓት ተቀበለ። በእኔ እይታ ፍሌክስነር ገንዘብ ጊዜን እንደሚሻማ በማየቱ፣ ኦስለርም የማያክም ሰው ሕክምናን ማስተማር እንደማይችል በማወቁ አልተሳሳቱም።

ዛሬ ጊዜን የሚሻማው ደግሞ የደረጃ ዕድገት መመዘኛው ነው። በብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የታተመ ጽሑፍ በቀላሉ ሲቆጠር፣ በአልጋ ዳር ያለፈ ጠዋት መዝገብ ላይ አይሰፍርም። ልምድ ያለው የሥራ ባልደረባ ከተማሪዎች ጋር የሚደረገውን የሕሙማን ጉብኝት (ራውንድ) ተከታትሎ ቢመዝን፣ ተማሪዎችም የተማሩትን በተግባር እንዲያሳዩ ቢደረግ፣ ጥራቱን መለካት ይቻላል። ከዚህም ሁሉ በፊት የቅጥር ውሉ ከተማሪዎች ጋር የሚዞርበትን ሰዓት ለይቶ ይጻፍ፤ በዚያ ቀን ለሐኪሙ የሚመደቡለት የተመላላሽ ታካሚዎችም በዚያው ልክ ይቀነሱ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የውስጥ ደዌ ሐኪምና መምህር