ቴርሞስታቱን ከመለወጣችሁ በፊት

ክቡር አዘጋጅ፣

ሰሞኑን ስለ ብርዱ ባወጣችሁት ጽሑፍ «ቤቱ አልሞቅ ካለ ቴርሞስታቱን እስከ መጨረሻው ከፍ ያድርጉት፤ ያም ካልሠራ ይለውጡት» የሚል ምክር አለ። የቤት ማሞቂያ ጥገና ሥራችን ስለሆነ ዝም ብለን ልናልፈው አልቻልንም። የመጀመሪያው ምክር ምንም አይጠቅምም፤ ሁለተኛው ብዙውን ጊዜ ደህናውን ዕቃ ያስጥላል።

ቴርሞስታት፣ ማለትም ግድግዳ ላይ ሆኖ የክፍሉን ሙቀት እየለካ ማሞቂያውን የሚያዝዘው ዕቃ፣ ማብሪያ ማጥፊያ እንጂ የውኃ ቧንቧ አይደለም። ተራ የጋዝ ማሞቂያ 21 ዲግሪ ላይ ተሞላ 30 ላይ፣ የሚሰጠው ሙቀት ያው ነው። የሚለየው የሚያቆምበት ሰዓት ብቻ ነው። ሂት ፓምፕ (ከውጭው አየር ሙቀት እየሳበ ቤት የሚያሞቅ የኤሌክትሪክ መሣሪያ) ያለው ሰው ደግሞ ቁጥሩን ድንገት ሲያስወጣው ረዳቱ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ይነሳና ቆጣሪው ይጋልባል።

በቅድሚያ ብልሽት መኖሩን ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ውጭ ዜሮ ሲሆን ቤቱን 21 ላይ ለማቆየት የሚሸፈነው ልዩነት 21 ዲግሪ ነው። ውጭው ከዜሮ በታች 20 ሲገባ ልዩነቱ 41 ይደርሳል፤ በግድግዳና በመስኮት የሚያመልጠውም ሙቀት እጥፍ ለመሆን ጥቂት ነው የሚቀረው። እንዲህ ባለው ሌሊት ማሞቂያው ሳያርፍ ቢያድር፣ ቤቱም ከተሞላው ቁጥር አንድ ሁለት ዲግሪ ቢጎድል አያስደነግጥም። የሚያስደነግጠው ቁጥሩ በየሰዓቱ እየወረደ ከሄደ ነው። ከመውጫው ቀዝቃዛ አየር የሚመጣ ከሆነ ደግሞ ቴርሞስታቱ ላይ ያለው የፋኑ ምርጫ «ኦን» ላይ እንዳይሆን ይታይ። «ኦን» ላይ ከሆነ እሳቱ ባረፈበት ጊዜም ፋኑ ስለሚነፍስ ብልሽት ይመስላል፤ ወደ «ኦቶ» መመለስ ይበቃል።

ቁጥሩ የሚታይበት የቴርሞስታቱ መስታወት ባዶ ከሆነ መጀመሪያ ባትሪ ድንጋዮቹን መለወጥ ነው፤ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ፣ አዲስ አልካላይን። ባትሪ የሌለው ቴርሞስታት ግን 24 ቮልቱን የሚያገኘው ከማሞቂያው ነው። ስለዚህ መስታወቱ ጨለመ ማለት ብዙ ጊዜ ማሞቂያው ራሱ ኃይል አጥቷል ማለት ነው። ብሬከሩ ይታይ። ማሞቂያው አጠገብ ያለው፣ የመብራት የሚመስለውና ሰው ሳያውቅ የሚያጠፋው ማብሪያም ይታይ። የማሞቂያው በር በደንብ ካልገጠመ ከኋላው ያለችው ትንሽ ስዊች ሁሉን ነገር ታጠፋለች። ማሞቂያውን የሚቆጣጠረው የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ ላይ ደግሞ እንደ መኪና ፊውዝ ያለ ባለ 3 ወይም ባለ 5 አምፔር ፊውዝ አለ። ከተቃጠለ በዚያው መጠን ይተካል፤ ደግሞ ከተቃጠለ የሆነ ቦታ ሽቦ ከሽቦ ተነካክቷል።

መስታወቱ በርቶ፣ ቁጥሩ ከክፍሉ ሙቀት በላይ ተሞልቶ፣ ምርጫውም «ሂት» ላይ ሆኖ ማሞቂያው ዝም ካለ፣ ጥፋቱ የማን እንደሆነ የሚለየው አንድ ፍተሻ ነው። ጽሑፋችሁ ሳይጠቅሰው መቅረቱ ነው ይህን ደብዳቤ ያስጻፈን። የማሞቂያው ኃይል ይጠፋል፤ ቴርሞስታቱ ከግድግዳው መቀመጫ ተነቅሎ ሽቦዎቹ ይታያሉ። ቀጫጭን ከሆኑ «አር» (R) እና «ደብሊው» (W) ከሚሉት ቀዳዳዎች ጋር የታሰሩትን ሁለቱን በአጭር ሽቦ ማገናኘት ነው። አብዛኛውን ጊዜ አንዱ ቀይ ሌላው ነጭ ነው፤ መታመን ያለበት ግን ቀለሙ ሳይሆን ፊደሉ ነው። ከዚያ ኃይሉን መልሶ ሁለት ደቂቃ ያህል መጠበቅ። መጀመሪያ የጭስ ማውጫው ትንሽ ፋን ይዞራል፤ ቀጥሎ እሳቱ ይያዛል፤ ዋናው ፋን የሚነሳው ከዚያ በኋላ ነው። ይህ ሁሉ ከሆነ ችግሩ ቴርሞስታቱ ነው፤ ያን ጊዜ ይለወጥ። ካልሆነ ያንኑ ሁለቱን ማሞቂያው ቦርድ ላይ ማገናኘት ነው፤ እዚያ ተነስቶ ግድግዳው ላይ እምቢ ካለ መሀል ላይ ሽቦው ተቆርጧል። እዚያም ካልተነሳ ቴርሞስታቱ ከደሙ ንጹሕ ነው።

ማስጠንቀቂያ አለን። ከግድግዳው የሚወጡት ሽቦዎች ወፋፍራም ከሆኑና ጫፋቸው በፕላስቲክ ቆብ ከተጠመዘዘ፣ ያ 120 ወይም 240 ቮልት የሚያልፍበት የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ቴርሞስታት ነው። በፍጹም አይነካካ። ሂት ፓምፕ ላይ ደግሞ የሽቦው አሠራር ስለሚለይ ይህ ፍተሻ አያዋጣም። ሽቦው እንደተገናኘ ትቶ መተኛትም የለም፤ ቤቱ ምን ቢግል ማሞቂያውን የሚያስቆም ቴርሞስታት የለምና።

ብዙ ሰው «ቴርሞስታቱን ለውጬ ተስተካከለልኝ» ይላል። የጋዝ ማሞቂያ እሳት ለማስነሳት ጥቂት ጊዜ ሞክሮ ካልተሳካለት ራሱን ይቆልፋል። ኃይሉ ጠፍቶ ሲመለስ ቁልፉ ይፈታል፤ ቴርሞስታት ለመለወጥ ደግሞ ኃይሉ መጥፋቱ አይቀርም። ያዳነው ማጥፋትና ማብራቱ ሆኖ ሳለ ምስጋናው ለአዲሱ ዕቃ ይሄዳል። ሥረ ምክንያቱ ስላልተነካ ሌሊት ላይ መልሶ ይቆለፋል።

ሥረ ምክንያቱ በአብዛኛው ከሦስት ነገሮች አንዱ ነው። ማጣሪያው በአቧራ ከተደፈነ ማሞቂያው ከልክ በላይ ይግላል፤ መከላከያ ስዊቹም ጋዙን ዘግቶ ፋኑን ብቻ ያዞራል። እሳቱ ተይዞ በሰከንዶች ውስጥ የሚጠፋ ከሆነ እሳቱ መያዙን የሚያረጋግጠው የእሳት ሴንሰር ቆሽሿል። ቀጭን ዘንግ ነው፤ በአንድ ብሎን ይወጣል፤ ኃይሉና ጋዙ ተዘግቶ በስስ የብረት ሱፍ ቀስ ተብሎ ይጠረጋል። ሦስተኛው የብርድ ሰሞን በሽታ ነው፦ በነጭ የፕላስቲክ ቧንቧ የሚተነፍሱ ማሞቂያዎች የአየር ማስገቢያቸው በበረዶ ይደፈናል፣ ወይም ውኃ ማስወገጃቸው ውጭ ላይ ይረጋል። በረዶውን በእጅ መጥረግ፣ የረጋውን ቧንቧ ለብ ባለ ውኃ ማላቀቅ ይበቃል። ቦርዱ ላይ ብልጭ ድርግም የምትለው መብራት ስንት ጊዜ እንደምትበራ ቆጥሮ በሩ ጀርባ ከተለጠፈው ሠንጠረዥ ጋር ማመሳከርም ግማሽ ቀን ግምት ያድናል።

ቴርሞስታቱ ጤነኛ ሆኖ የሚዋሽበትም ጊዜ አለ። ሽቦው የሚወጣበት የግድግዳ ቀዳዳ ብዙ ጊዜ ከሽቦው ይሰፋል፤ ነፋስ ባለበት ሌሊት በግድግዳው ውስጥ የሚወርደው ቀዝቃዛ አየር በዚያች ቀዳዳ ወጥቶ ሴንሰሩን ይመታል። ክፍሉ ሞቆ እያለ ቴርሞስታቱ «በረደኝ» ይላል፤ ማሞቂያውም አያርፍም። ቀዳዳውን በሲሊኮን መድፈን ነው። አጠገቡ መብራት ወይም ቴሌቪዥን ካለ ደግሞ ግልባጩ ይሆናል። ተራ ቴርሞሜትር ጎኑ ሰቅሎ ከ15 ደቂቃ በኋላ ማወዳደር ልዩነቱን ያሳያል።

ጥገና እየተጠበቀ የጋዝ ምድጃ ከፍቶ ወይም ከሰል አቀጣጥሎ ቤት ማሞቅ ይገድላል፤ ከዚያ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ መርዛማ ጋዝ ሽታ የለውም። የጋዝ ሽታ ካለ ምንም ሳይነካኩ፣ መብራትም ሳያበሩ መውጣትና ከውጭ ሆኖ መደወል ነው። ቤቱ ከ13 ዲግሪ በታች ከወረደ የውጭ ግድግዳ ላይ ያሉ ቧንቧዎች በቀጭኑ ይንጠባጠቡ፤ የማጠቢያው ሥር ቁም ሣጥንም ይከፈት።

ጽሑፉን ደግማችሁ የምታወጡት ከሆነ «ይለውጡት» ከሚለው በፊት የሁለቱን ሽቦ ፍተሻ ከነማስጠንቀቂያው እንድታስገቡ እንጠይቃለን።

ከአክብሮት ጋር፣
የቤት ማሞቂያ ጥገና ባለሙያዎች